ደብተሩን የሚያስዘጋ ምርት፦ ለጀማሪ ፕሮዳክት ማኔጀሮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

«ምርት» የሚለው ቃል በአማርኛ ጎተራንና ፋብሪካን ስለሚያስታውስ፣ በሶፍትዌር ሥራ የተሰማሩ ሰዎች «የምርት ሥራ አስኪያጅ» ከማለት ይልቅ «ፕሮዳክት ማኔጀር» ማለትን ለምደዋል። ስያሜው ባዕድ ቢሆንም ሥራው ግልጽ ነው፤ የማን ችግር፣ የትኛው ችግር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈታ መወሰንና ለውሳኔው መጠየቅ ነው። ፕሮዳክት ማኔጀር ኮድ አይጽፍም፤ ገጽታውን የሚነድፈው ዲዛይነሩ ነው፤ ሸጦ ገንዘብ የሚያመጣውም ሌላ ክፍል ነው። ሦስቱን የሚያዝበት ሥልጣን የለውም፤ ነገሩ ሲበላሽ ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የሙያው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ አለመመጣጠን ነው።

አለመመጣጠኑ የሶፍትዌር ዘመን ያመጣው አይደለም። በ1931 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ውስጥ የካሜይ ሳሙናን ማስታወቂያ ይከታተል የነበረው ኒል ማክኤልሮይ ለአለቆቹ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ጽፎ፣ የአንድን ምርት ስም ነገር በሙሉ የሚከታተል ሰው እንዲመደብ ሐሳብ አቀረበ። ሰውየው የሽያጩን መጠን በየአካባቢው እንዲያጠና፣ ሽያጩ በቀዘቀዘበት ቦታም ራሱ ሄዶ ነጋዴውንና ገዢውን እንዲያነጋግር የሚል ነበር። ማክኤልሮይ ኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት፣ ከ1957 እስከ 1959 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ለመሆን በቅቷል። ከማስታወሻው ዛሬም ሊወሰድ የሚገባው ነገር «ራሱ ሄዶ» የሚለው ይመስለኛል፤ ከዚህ በታች በሁለተኛው እርምጃ ላይ ብዙ የምቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርምጃዎቹን በደፈናው ከመዘርዘር በአንድ ምሳሌ ላይ ማሳየት ይሻላል። አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የዕቁብ መተግበሪያ ሊሠራ አስቧል እንበል። ዕቁብን የመረጥሁት አብዛኞቻችን ጥለን ስለምናውቅ ብቻ አይደለም፤ ያለ ምንም ሶፍትዌር፣ በአንድ ደብተርና በአንድ እስክሪብቶ፣ ደኅና አድርጎ ሲሠራ የኖረ ነገር ስለሆነም ጭምር ነው። የተበላሸን ነገር መተካት ቀላል ነው፤ ደኅና የሚሠራን ነገር ለመተካት ግን ብዙ ማወቅ ያስፈልጋል።

እርምጃ 1፦ ትእዛዙን ወደ ችግር ይመልሱት

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአለቃ በሚመጣ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የዕቁብ መተግበሪያ እንሥራ።» ይህ መፍትሔ እንጂ ችግር አይደለም፤ ወዲያው ወደ ዲዛይነሩ ከተላለፈ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ማንም ያልጠየቀው መተግበሪያ በእጅዎ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ይውሰዱና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ማን ይቸገራል፣ መቼ ይቸገራል፣ ዛሬ ችግሩን በምን ያልፈዋል?

በዕቁብ ውስጥ «ተጠቃሚ» የሚባል አንድ ሰው የለም። ዳኛው ያልጣለውን ሰው ስልክ እየደወለ ያሳድዳል። ጸሐፊው ማን እንደከፈለ ይመዘግባል፤ ሒሳቡ ሳይገጥምለት ሲቀር ያመሻል። ዕቁብተኛው የከፈለው መጻፉን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ዋሱ የፈረመለት ሰው መክፈሉን ቢቀጥል እንጂ ሌላ ምኞት የለውም። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ ያስቡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የደረሰው ሰው 1,000 ብር ጥሎ 20,000 ብር ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ለ19 ሳምንታት ባለዕዳ ነው። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ሥጋት በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጸሐፊውን ድካም የሚያቃልል መተግበሪያና የመጨረሻውን ዕቁብተኛ ሥጋት የሚያቃልል መተግበሪያ ፈጽሞ የተለያዩ ምርቶች ናቸው። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠሩ ገጹ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ዛሬ ችግሩን በምን ያልፈዋል?» የሚለው፣ እውነተኛ ተወዳዳሪዎን ይነግርዎታል። ጀማሪዎች ተወዳዳሪ ሲባሉ የሌሎችን መተግበሪያዎች ስም ይደረድራሉ። የዕቁብ መተግበሪያ ተወዳዳሪ ግን በጸሐፊው ቦርሳ ውስጥ ያለው ደብተር ነው።

እርምጃ 2፦ ከቢሮ ይውጡ፤ ይሉኝታንም በሒሳብ ያስገቡ

ሰዎችን ስለ ሐሳብዎ ቢጠይቋቸው «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይሉዎታል። ውሸት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ልፋትዎን አይተው ፊትዎን እንዳያስከፉ ነው። በሌላ አገር የተዘጋጁ የቃለ መጠይቅ መመሪያዎች ይህን በበቂ አይነግሩንም፤ እኔ ግን አገር ውስጥ የተሠሩ ብዙ መተግበሪያዎች የሚወድቁት «ጥሩ ነው» የሚለውን መልስ እንደ ማስረጃ በመቁጠር ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ስለ ወደፊቱ አለመጠየቅ ነው። «እንዲህ ያለ መተግበሪያ ቢኖር ይጠቀሙበት ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ከዝርዝርዎ ይሰርዙት፤ በምትኩ ያለፈውን ይጠይቁ፦ «ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ሳይጥል የቀረ ሰው ነበር? ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» «እትዬ፣ ደብተሩን ሊያሳዩኝ ይችላሉ? ይሄ ስርዝ ምንድን ነው?» ያለፈ ነገር ስለሆነ ሰውየው የእርስዎን ሐሳብ ማመስገንም ሆነ መንቀፍ አይጠበቅበትም፤ የሆነውን ብቻ ይነግርዎታል። ስለ ስርዙ የሚነገርዎት ታሪክ ከሃያ የአስተያየት መጠይቅ ይበልጣል።

ሰዎቹን ለየብቻ ያነጋግሩ። ዳኛው ባለበት ዕቁብተኛው ስለ ዕቁቡ ቅሬታ አይናገርም፤ ዳኛውም በዕቁብተኞቹ ፊት የሒሳብ ስህተቱን አያወጣም። የሚቻል ከሆነ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀን ተገኝተው ጥግ ይዘው ይቀመጡ፤ ማን ጥሬ ገንዘብ እንዳመጣ፣ ማን በስልክ እንደላከ፣ ማን በሰው እጅ እንደላከ፣ ጸሐፊው ስንት ጊዜ ደግሞ እንደቆጠረ ይመዝግቡ። አንድ ዓይነት ዕቁብም አይበቃም። መርካቶ ውስጥ በየዕለቱ የሚጣል የነጋዴዎች ዕቁብ፣ በመሥሪያ ቤት ደመወዝ ሲወጣ የሚጣል የሠራተኞች ዕቁብና በሰፈር ውስጥ ያለ የሴቶች ዕቁብ የሚመሳሰሉት በስም ነው። ከየዓይነቱ ሦስት አራት ሰው አነጋግረው አዲስ ነገር መስማት ሲያቆሙ ለጊዜው ይበቃል። ቀርቦልዎት የሚገኘው ሰው፣ ማለትም ጥሩ ስልክ ያለውና የእርስዎ እኩያ የሆነው የቢሮ ጓደኛዎ፣ ለጥናቱ ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው መሆኑንም አይርሱ።

በእንዲህ ዓይነቱ ጉብኝት የሚገኝ፣ በቢሮ ተቀምጠው ግን የማይደረስበት ምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለፕሮግራመር ደብተር ደካማ የመረጃ ቋት ነው። ለዕቁብተኞቹ ግን ባትሪ የማይጨርስ፣ መብራት ሲጠፋም ሆነ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሠራ፣ ሁሉም ሰው አንገቱን አስግጎ የሚያየው የጋራ ማስረጃ ነው። ከዚህም በላይ ደብተሩ ዝም ማለት ይችላል። አንዱ ዕቁብተኛ ልጁ ታሞበት ሁለት ቀን ቢዘገይ፣ ዳኛው ቦታውን ክፍት ትቶ ማክሰኞ ሲከፍል ይሞላለታል፤ ማንም አያውቅም። እሑድ ማታ ላይ በሁሉም ሰው ስልክ «አልከፈለም» ብሎ በቀይ የሚጽፍ መተግበሪያ ይህን ምሕረት ያጠፋል። ሰዎች ታዲያ ለምን መተግበሪያውን እንደተዉት ሲጠየቁ «ሥራ በዝቶብን ነው» ይላሉ እንጂ እውነተኛውን ምክንያት አይናገሩም። ዳኛው ለተወሰነ ጊዜ ክፍት የሚተውበት መንገድ በንድፉ ውስጥ መኖር እንዳለበት የሚታወቀው ደብተሩን ካዩ በኋላ ነው።

እርምጃ 3፦ የማይሠራውን ይጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚሠራውን ዝርዝር በማርዘም ይጀምራል፤ እርስዎ ግን የማይሠራውን ዝርዝር ያስቀድሙ። በምሳሌያችን ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚሰፍረው «የሰው ገንዘብ አንይዝም» የሚለው ነው። የሕዝብን ገንዘብ መያዝና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ አንድ ትንሽ ድርጅት በዚህ ከጀመረ ምርቱ አንድም ሰው ሳይነካው ጊዜው በፈቃድ ጉዳይ ያልቃል። አስፈላጊም አይደለም፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ ገንዘብ ያስተላልፋሉ፤ የባንኮቹም መተግበሪያዎች አሉ። ገንዘቡ በነዚህ ይሂድ፤ የእኛ ምርት መዝገቡን ይያዝ። ይህ አንድ ውሳኔ የሥራውን ስፋት ከግማሽ በላይ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው የማይሠራ ነገር አላስፈላጊ መረጃ መሰብሰብ ነው። ዕቁብ ለመመዝገብ ስምና ስልክ ቁጥር ይበቃል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ስላለ ብቻ ባለ 12 አሃዙን ቁጥር በቅጹ ላይ ማስገባት የሚያምራቸው አሉ፤ ግን ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልተቻለ አይጠየቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃ መሰብሰብ ኃላፊነት ያስከትላል፤ ከሕጉም በፊት ቢሆን በቅጹ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ሳጥን ሰው የሚቀንስ ነበር።

ይህን ዝርዝር ለአለቃዎ፣ ለሽያጭ ክፍሉና ኮዱን ለሚጽፉት ዴቨሎፐሮች ያሳዩ። ውይይቱ ሞቅ ይላል፤ ይሙቅ። በሁለተኛው ሳምንት ያልተነሣ ጠብ በአራተኛው ወር ላይ ከነወለዱ ይመጣል።

እርምጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን ያስይዙ፤ «አይሆንም» ማለትንም ይማሩ

ከዚህ በኋላ ፊቸሮቹን፣ ማለትም መተግበሪያው የሚሠራቸውን ነገሮች፣ በደረጃ ማስቀመጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ ለጥቅሙና ለድካሙ ነጥብ ሰጥቶ በኤክሴል ማካፈል የተለመደ ዘዴ ነው። ሰንጠረዡ ለውይይት ይጠቅማል፤ አደጋው ግምት ቁጥር ሲለብስ እውነት መምሰሉ ነው። «ጥቅሙ 8 ነው» ያለው ሰው ለምን 6 እንዳልሆነ ማስረዳት አይችልም። እኔ የምመክረው ይበልጥ ሻካራ የሆነ መመዘኛ ነው፦ ይህ ነገር ባይኖር ጸሐፊው ደብተሩን መዝጋት ይችላል ወይ? አይችልም ከሆነ በመጀመሪያው እትም ይግባ። ይችላል ከሆነ ይቆይ። የክፍያ መመዝገቢያው፣ የዕጣው ቅደም ተከተልና ከፍሎ ሳይጻፍለት የቀረ ሰው የሚያመለክትበት መንገድ በዚህ መመዘኛ ያልፋሉ። በመተግበሪያው ውስጥ መወያየት፣ ፎቶ መለጠፍና የቁጠባ ምክር መስጠት አያልፉም፤ ሰዎቹ ለመወያየት ቴሌግራም አላቸው።

አለቃው ግን የቁጠባ ምክሩን ወዶታል። እዚህ ላይ የሙያው ከባዱ ክፍል ይመጣል። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ለበላይ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ «እሺ» ብሎ አለመሥራት ደግሞ የባሰ ነው። በእነዚህ መካከል ያለው መንገድ ምርጫውን ለእሱ ማቅረብ ነው፦ «የቁጠባ ምክሩ በዚህ ወር ከገባ የዕጣው ክፍል ወደሚቀጥለው ወር ይገፋል። የትኛው ይቅደም ይላሉ?» ጥያቄው አክብሮት አለው፤ ዋጋውንም ያሳያል። አለቃው ዋጋውን አይቶ ቢመርጥ ውሳኔው የእሱ ነው፤ እርስዎ በጽሑፍ ያኑሩትና ይቀጥሉ። ከልምዴ እንዳየሁት ዋጋው በግልጽ ሲቀርብ ከግማሽ የማያንሱት ትእዛዞች በራሳቸው ይቀራሉ።

ከሽያጭ ክፍል የሚመጣው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው፤ «አንድ ትልቅ ደንበኛ ይህ ካልተሠራ አልፈርምም ብሏል» ይባላል። ደንበኛውን እርስዎ ራስዎ እንዲያገኙት ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ደንበኛው ያለው ሌላ ነው፣ ሻጩ የተረጎመው ሌላ ነው።

እርምጃ 5፦ ኮድ ከመጻፉ በፊት በእጅ ይሞክሩት

አንድ ወር ኮድ ከማስጻፍዎ በፊት ሁለት ዕቁቦችን ፈልገው ለአራት ሳምንታት እርስዎ ራስዎ «ሶፍትዌሩ» ይሁኑ። ጸሐፊው የከፈሉትን ሰዎች ዝርዝር በቴሌግራም ይላክልዎ፤ እርስዎ በኤክሴል መዝግበው ለእያንዳንዱ ዕቁብተኛ «የዚህ ሳምንት ክፍያዎ ተመዝግቧል» የሚል አጭር መልእክት ከስልክዎ ይላኩ። አድካሚ ነው፤ የሚያወጡት ግን የስልክ ካርድና የምሽት ሰዓት ብቻ ነው። በነዚህ ሳምንታት መልእክቱ ሲዘገይ ማን እንደሚደውል፣ ማን ጨርሶ እንደማያነብ፣ የማን ስልክ በእርግጥ የልጁ ስልክ እንደሆነ ያውቃሉ።

ሙከራ የምርትን አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ሊቀይር እንደሚችል የኬንያው ኤም-ፔሳ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሙከራው ሲጀመር የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን ስልኩን ገንዘብ እርስ በርስ ለመላላክና ለሌላም ጉዳይ ተጠቀሙበት፤ የብድሩ አሠራር ደግሞ ከአበዳሪው ተቋም የሒሳብ አያያዝ ጋር አልገጥም ብሎ አስቸገረ። በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲከፈት ብድሩ ቀርቶ ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ ዋናው ነገር ሆነ። ሙከራውን ይመሩ የነበሩት ሰዎች የመጀመሪያውን ሐሳባቸውን አጥብቀው ይዘው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቀው አገልግሎት አይኖርም ነበር። ስለዚህ በእጅ ሙከራው ጊዜ ያላሰቡት አጠቃቀም ሲያዩ «ተሳስተዋል» ብለው ለማረም አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

እርምጃ 6፦ ለዴቨሎፐሮቹ በዝርዝር ይጻፉ

የሥራ መግለጫ ሰነድ ረጅም መሆን የለበትም፤ ግን አሻሚ መሆን አይችልም። ለእያንዳንዱ ሥራ ማን፣ ምን ለማድረግ፣ ለምን እንደፈለገ ይጻፉና በመጨረሻ «ተጠናቋል የሚባለው መቼ ነው» የሚለውን ያክሉ። «ማስታወሻ ይልካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለዴቨሎፐር ምንም አይነግረውም። «ለዕቁቡ ከተያዘው ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ላልከፈሉ ዕቁብተኞች ብቻ አንድ መልእክት ይላካል፤ ዳኛው ክፍት የተወለት ሰው አይላክለትም» የሚለው ይነግረዋል።

በሰነዱ ውስጥ ካልተጻፉ በእርግጠኝነት የሚሳሳቱ የአገራችን ጉዳዮች አሉ፤ ዴቨሎፐሮቹ ስለማያውቋቸው ሳይሆን የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ስለማያውቋቸው ነው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ቀኑ በመረጃ ቋቱ ውስጥ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ለተጠቃሚው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ። ወርሃዊ ዕቁብን «በየ30 ቀኑ» ብሎ ማስላት እስከ ነሐሴ ድረስ ትክክል ይመስላል፤ ከዚያ ጳጉሜን ይመጣና መስከረም ላይ ማስታወሻው አምስት ቀን ቀድሞ ይላካል። ሠራተኛ ለጳጉሜን ለብቻው ደመወዝ ስለማይከፈለው በጳጉሜን ዕቁብ መጠየቅ ሳቅ ያስነሣል፤ አንዳንዴም ቁጣ። ሙከራ ሲደረግ ጳጉሜን 6 ያለበትን ዓመት፣ ለምሳሌ 2015 ዓ.ም.ን፣ ማስገባት የግድ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በሰነዱ ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ዴቨሎፐር ጠዋት ሥራ የሚገባበትን፣ ሌላው ዶሮ ሳይጮህ ያለውን ጊዜ ሊረዳ ይችላል። ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በአንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ይህን ሳንጽፍ ቀርተን ለጠዋቱ 3 ሰዓት የታሰበ መልእክት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተላከ፤ በማግሥቱ የደረሰብንን ስድብ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞቹ እስካሁን ያስታውሳሉ።

ሦስተኛው ስም ነው። ከውጭ የመጣ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጹ «ስም» እና «የአባት ስም» ይበል፤ በመልእክቱም ውስጥ ሰው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይጠራ። ከዚሁ ጋር የፊደል ጉዳይ አለ። ጸሐፊው «ኃይሉ» ብሎ መዝግቦ «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልግ ሊያገኘው ይገባል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ሲቀመጡ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይቀመጡ፤ የሰው ስም አይታረምም።

አራተኛው ስልኩ ራሱ ነው። ዕቁብተኛው ዘመናዊ ስልክ ላይኖረው ይችላል፤ ቴሌብር *127# ተብሎ በማንኛውም ስልክ እንዲከፈት የተደረገው በምክንያት ነው። በመጀመሪያው እትም መተግበሪያውን የሚጭኑት ጸሐፊውና ዳኛው ብቻ ይሁኑ፤ ሌሎቹ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይድረሳቸው። ኔትወርክ ሲቋረጥ የተመዘገበ ክፍያ በስልኩ ውስጥ ቆይቶ ኋላ መላክ አለበት፤ ይህ «ቢኖር ጥሩ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ደብተሩ ያለ ኔትወርክ ይሠራልና።

እርምጃ 7፦ በሥራው መሐል

ስለዚህኛው ብዙ የምለው የለኝም፤ የሁለት ሳምንት ስፕሪንት (ሥራውን በአጫጭር ጊዜ ከፋፍሎ መሥራት) ይሁን ሌላ፣ ቡድኑ የለመደው አሠራር ይበቃል። የእርስዎ ድርሻ በየቀኑ ለጥያቄ መገኘትና ያልተወሰነን ነገር በዕለቱ መወሰን ነው። ዴቨሎፐር መልስ ሲያጣ ሥራውን አያቆምም፤ የመሰለውን ይሠራል። የጊዜ ግምትን በተመለከተ ደግሞ ዴቨሎፐሮቹ ሳይጠየቁ ለውጭ ሰው ቀን አይቁረጡ። ቀኑ አስቀድሞ በአለቃ ተቆርጦ ከመጣ የሚቀነሰው የሥራው ስፋት እንጂ የእንቅልፍ ሰዓታቸው አይሁን።

እርምጃ 8፦ ያውጡት፤ ትክክለኛውን ነገርም ይለኩ

ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይክፈቱት። በእጅ ሙከራው የተሳተፉትን ሁለት ዕቁቦች ያስቀድሙ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ መቶ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ምን ካዩ እንደሚቀጥሉና ምን ካዩ እንደሚያቆሙ አስቀድመው ይጻፉ፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ መመዘኛ ማውጣት ራስን ማታለል ነው።

መለኪያን በተመለከተ በየስብሰባው የሚቀርበው የመጀመሪያ ቁጥር መተግበሪያውን ስንት ሰው እንዳወረደው ነው። ይህ ቁጥር ወደ ታች ስለማይወርድ ሁሉም ይወደዋል። ምርቱ ይሥራ አይሥራ ግን አይነግርም። የእኛ ምርት ሠርቷል የሚባለው አንድ ዕቁብ ከመጀመሪያው ዕጣ እስከ መጨረሻው በመተግበሪያው ላይ ተመዝግቦ ሲያልቅ ነው። ችግሩ ሃያ ሰዎች ያሉበት ሳምንታዊ ዕቁብ 20 ሳምንት መፍጀቱ ነው፤ አምስት ወር ሙሉ በጨለማ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ቀደም ብሎ የሚታይ ምልክት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በአራተኛው ሳምንት የሁሉም ዕቁብተኞች ክፍያ በዕለቱ ተመዝግቧል ወይስ ጸሐፊው ከሦስት ቀን በኋላ በጅምላ አስገባው? በጅምላ ካስገባው ከደብተሩ እየገለበጠ ነው፤ እርስዎ ድካሙን አላቃለሉለትም፤ እጥፍ አድርገውበታል። ሁለተኛው ምልክት ከኮምፒውተር አይገኝም፦ ደውለው «ጋሼ፣ ደብተሩ አሁንም ይያዛል?» ብለው ይጠይቁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት «አዎ፣ ለማንኛውም ብለን ይዘነዋል» የሚል መልስ ቢሰሙ አይደንግጡ። እምነት የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። በስድስተኛው ወርም መልሱ ያው ከሆነ ግን አዲስ ፊቸር ማስጨመር ትተው ወደ እርምጃ 2 ይመለሱ፤ ደብተሩ የሚሰጠው፣ የእርስዎ ምርት የማይሰጠው ነገር አለ ማለት ነው።

እርምጃ 9፦ ቅሬታውን ያዳምጡ፤ መዝጊያውንም ያስቡበት

ምርቱ ከወጣ በኋላ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ከደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ጎን ተቀምጠው ስልክ ይስሙ። በሪፖርት ላይ «የመግቢያ ችግር፣ 14» ተብሎ የሚቀርበው ነገር በስልክ ሲሰማ ሌላ ነው፤ አሥራ አራቱ ሰዎች በእርግጥ የይለፍ ቃል የረሱ ሳይሆኑ ስልክ የቀየሩ ሆነው ይገኛሉ፤ መፍትሔውም ይለያል። በቅሬታ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚደውለው ሰው የተናደደውና ጊዜ ያለው ነው፤ ዝም ብሎ የተወው ሰው አይደውልም። ስለዚህ ባለፈው ወር መመዝገብ ያቆሙትን ዕቁቦች ዝርዝር አውጥተው እርስዎ ይደውሉላቸው። እዚህም ይሉኝታው አለ፤ «ለምን ተዋችሁት?» ከማለት «የመጨረሻውን እሑድ ሒሳብ እንዴት ያዛችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አንዳንድ ምርት ሁሉም ነገር በትክክል ተሠርቶም አይሳካም፤ ድርጅቱም ገንዘቡ ያልቅበታል። የመዝጋቱን ውሳኔ ማሳወቅ የፕሮዳክት ማኔጀሩ ሥራ ነው፤ ብዙዎች ግን አገልግሎቱን ዝም ብለው ያጠፉትና ስልክ ማንሣት ያቆማሉ። በዕቁብ ጉዳይ ይህ ተራ ስንፍና አይደለም፤ ዕጣ ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ማስረጃ በውስጡ አለ። ቢያንስ የአንድ ዙር ጊዜ ቀደም ብለው ያሳውቁ፤ አዲስ ዕቁብ መመዝገብን ያቁሙ፤ የተጀመሩት እንዲያልቁ ይተዉ። ለማያልቁት ደግሞ ማን ስንት እንደጣለ፣ ዕጣ ለማን እንደደረሰ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር በወረቀት አትመው፣ ጸሐፊው በደብተሩ ቀጣይ ገጽ ላይ ሊለጥፈው በሚችል መጠን፣ እጁ ላይ ያድርሱት።